ቁራጭ አይጣልም፦ ከአቡጀዲ እስከ ሩንዳው ድሪቶ

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ቀረጥም ስለ ምንዛሪም አይደለም። ስለ ተረፈ ነገር ነው።

ሩንዳ ባለው ቤታችን፣ ከልብስ ስፌት መኪናው ሥር፣ አንድ የሙዝ ካርቶን አለ። ከሽሮ ሜዳ ያመጣነው የሐበሻ ቀሚስ በደንበኛ ቁመት ሲያጥር የሚቆረጠው፣ የኪቴንጌ ቅዳጅ፣ የሌሶ ጠርዝ፣ ያረጀ ነጠላ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ከማዕድ ቤቱ በስተጀርባ ደግሞ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል የሦስት ቀን እንጀራ በሰፌድ ተሰጥቶ ይደርቃል። የሁለቱም ጠባቂ እናታችን ናት። ሩንዳ ድሮ የቡና እርሻ የነበረ፣ ዛሬ አጥሩ ረጅም፣ ዛፉ ብዙ፣ በየበሩ ዘበኛ የቆመበት ሰፈር ነው። ቆሻሻ የሚወስደው መኪና ሲመጣ ጎረቤት ሁለት ሦስት ከረጢት ያወጣል፤ የእኛ አንዱ ግማሽ አይሞላም።

ይህን እንድንጽፍ ያደረገን ባለፈው ዓመት ቤት ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። የልጅ ልጇ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ልትሄድ ስትሰናዳ፣ እናታችን ለዓመታት ከካርቶኑ እየመረጠች የገጣጠመችውን የአልጋ ልብስ ሣጥን ውስጥ አገኘችው። «እማማ፣ እኔ ይዤ የምሄደው ይኼን ነው» አለች። እናታችን ደነገጠች። «አንቺ ልጅ፣ ድሪቶ ተሸክመሽ ባሕር ልትሻገሪ? ሱቅ ሙሉ ልብስ እያለን ሰው ምን ይለናል?» ብላ አዲስ ብርድ ልብስ እንድንገዛ አዘዘችን። ልጅቷ አኮረፈች። እኛም መሐል ላይ ቀረን።

እናታችን ቁራጭ ጨርቅ መጣል ነውር ነው እያለች ያሳደገችን ሴት ናት። ታዲያ ከዚያው ከቁራጩ የተሠራው ለምን አሳፈራት? መልሱን ስንፈልግ የገዛ ንግዳችን ታሪክ ውስጥ ገባን።

አንድ ነጠላ ስንት ዕድሜ አለው

በድሮው ኢትዮጵያ ጨርቅ ውድ ነገር ነበር። ጥጡ ይለቀማል፣ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ይሸምነዋል። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ፈትል ማዘጋጀት ብቻ የብዙ ሳምንት የእጅ ሥራ ነው። ስማቸውም ቢሆን ድርባቸውን ይነግረናል፤ ነጠላው ስስ ነው፣ ጋቢው አራት እጥፍ ነው፣ ቡሉኮው ከሁሉም ይወፍራል። ስለዚህ ጨርቅ አይጣልም፤ ሥራ ይቀይራል።

ነጠላ መጀመሪያ የክት ነው፤ ለቤተ ክርስቲያንና ለድግስ ይወጣል። ሲደክም የአዘቦት ይሆናል። ከዚያ የሕፃን መጠቅለያ፣ ቀጥሎ የጠላ ማጥለያ። በመጨረሻ ጫፉ ተቆርጦ ማሰሻ ይሆናል፤ የጎመን ዘር እየነካ ምጣዱን የሚያሰስ እራፊ። አንድ ጊዜ የአዲስ ሙሽራ ትከሻ ላይ የነበረ ጥጥ ከዓመታት በኋላ የልጆቿን እንጀራ ከምጣድ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ልጆችም ከዚያው እራፊ ካልሲ ሞልተው የጨርቅ ኳስ ይሠሩ ነበር። በአዲስ አበባ ሜዳዎች ስንት ኳስ ተጫዋች የጀመረው በዚያ ኳስ ነው።

ቤተ ክህነትም ቁራጭ ታከብር ነበር። የድሮ የብራና መጻሕፍትን ገበታ ከፍቶ ውስጡን ያየ ሰው፣ ቆዳው በዙሪያው ታጥፎ መሐሉ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ ተለጥፎ ያገኛል። አንዳንዱ ከህንድ የመጣ ባለ አበባ ጥጥ ነው፣ አንዳንዱ ሐር። ከልብሰ መንግሥት ወይም ከመጋረጃ የተረፈች መዳፍ የምታክል እራፊ በወንጌል ልባስ ውስጥ ለዘመናት ተቀምጣለች። ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ያመጣውን ጨርቅ ደብተራው እስከ መጨረሻዋ ክር ተጠቅሞበታል ማለት ነው።

ድሪቶ ግን ሌላ ነበር። ድሪቶ የሚባለው ጨርቁ አልቆ፣ መጣፊያው በመጣፊያ ላይ ተደርቦ፣ የመጀመሪያው የቱ እንደሆነ የማይለይ ልብስ ነው። ቅያሪ ያለው ሰው ጨርቁን ሥራ ያስቀይረዋል፤ ቅያሪ የሌለው ይጥፈዋል። ስለዚህ እራፊው ቤት ውስጥ ሲቀር ቁጠባ ነው፣ ገላ ላይ ሲወጣ ግን የድህነት ምስክር ነው። እናታችን ያደገችው በዚህ ዓይን ሲታይ ነው። ያሳፈራት ጨርቁ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ሊያየው መሆኑ ነው።

አቡጀዲና መሪካኒ

አሁን ወደ ድንበር ንግዱ እንምጣ። (ዘመኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1833 አሜሪካና የዛንዚባሩ ሱልጣን ሰይድ ሰኢድ የንግድ ውል ተፈራረሙ። በማሳቹሴትስ ከምትገኘው ከሴለም ወደብ የሚነሡ መርከቦች በኒው ኢንግላንድ ፋብሪካዎች የተሸመነ፣ ያልነጣ ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ወደ ዛንዚባር ያመጡ ነበር፤ ሲመለሱ የዝሆን ጥርስና ለቫርኒሽ የሚሆን የዛፍ ሙጫ ይጭናሉ። ጨርቁን የባሕር ዳርቻው ሕዝብ ከአገሩ ስም አውጥቶ «መሪካኒ» አለው። ከባሕር ወደ መሐል አገር የሚወጣው ነጋዴ ሁሉ በክንድ እየለካ ይከፍልበት ስለነበር መሪካኒ እንደ ገንዘብ ሆነ።

በሰሜኑ በኩል በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ያው ዓይነት ጨርቅ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። እኛ «አቡጀዲ» አልነው። ወታደሩ ለበሰው፣ ድንኳን ተሠራበት፣ የሞተም ተገነዘበት። በፋብሪካ የተሸመነ ስለሆነ ከሸማኔው ሥራ ይረክሳል፤ ድሪቶ ለባሹ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያገኘው አዲስ ጨርቅ እሱ ነበር። ንግዱ ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ ለማወቅ፣ በ1903 መጨረሻ አሜሪካዊው ቆንስል ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመበትን ምክንያት ማየት ይበቃል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ገበያ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ጨርቁ ከግመል ጀርባ ወደ ፉርጎ ዞረ።

እንግዲህ ዛሬ አዲስ አበባና ናይሮቢ እየተመላለስን የምንነግድ ሰዎች፣ አያቶቻችን በሁለት ስም አንድ ጨርቅ ለብሰዋል። የኬንያው ጎረቤታችን አያት መሪካኒ፣ የእኛ አያት አቡጀዲ።

ሌሶውም የራሱ ታሪክ አለው። ስሙ ከፖርቱጋልኛ የመጣ ሲሆን መሐረብ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዛንዚባርና የሞምባሳ ሴቶች በጣቃ የሚሸጠውን ባለ ሥዕል መሐረብ ስድስት ስድስት እየገዙ፣ ሦስቱን በሦስቱ ላይ ሰፍተው አንድ ሰፊ ልብስ አደረጉት፤ ካንጋ የተወለደው እንዲያ ነው ተብሎ ይነገራል። ዛሬ በሞምባሳ ሱቆች በክብር የሚሰቀለው ልብስ መነሻው የተገጣጠመ ጨርቅ ነው። ይህን ለእናታችን ስንነግራት «ታዲያ እነሱ አዲስ ገዝተው ነው የገጣጠሙት» አለችን። ክርክሩ ቀላል አልነበረም።

እርሾ፣ ድርቆሽ፣ ቅራሪ

በምግብ በኩል ግን ነውር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። የእንጀራ ሥራ ራሱ በትርፍ ላይ የቆመ ነው። ከትናንት ሊጥ የቀረው እርሾ የዛሬውን ያቦካል፤ ከቦካው ተቀንሶ የተቀቀለው አብሲት ተመልሶ ይገባል። ያደረው እንጀራ ፍርፍር ነው፤ ከዚያ ያለፈው ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል። ጠላው ሲያልቅ በድፍድፉ ላይ ውኃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል፤ ከዚያ የቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል።

ድርቆሽ የነጋዴ ምግብ መሆኑን ማስታወስ ይገባናል። የድሮው ሲራራ ነጋዴ በቅሎና አህያውን ጭኖ ለሳምንታት ሲጓዝ ስንቁ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ጭኮና ቋንጣ ነበር። ዘማቹም እንዲሁ፤ የራሱን ስንቅ ይዞ የሚዘምት ሠራዊት ያለ ድርቆሽ ሩቅ አይሄድም። ቀላል ነው፣ አይሻግትም፣ ውኃና በርበሬ ካለ ወዲያው ምግብ ነው። እኛም በአውቶቡስ ከናይሮቢ ተነሥተን በኢሲዮሎና በማርሳቢት አድርገን ሞያሌ ስንሄድ ያንኑ ነው የምንቋጥረው። ቤታችን የምትሠራው ኬንያዊት መጀመሪያ ስታየው ሳቀችና «ኪፖሮ!» አለች። እነሱም ላደረ ምግብ ስም አላቸው፤ የማታው ሩዝ ጠዋት በሻይ ይበላል።

በናይሮቢ ይህ ቁጠባ ልማድ ብቻ አይደለም፣ ሒሳብም ነው። ኢትዮጵያ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ2006 ስለከለከለች ለዓመታት እዚህ ያለ ቤተሰብ ጤፉን በሩዝ፣ በማሽላ ወይም በበቆሎ ዱቄት እየደባለቀ ጋግሯል። እንዲህ ተለፍቶ የተጋገረ እንጀራ ከበዓል ማግሥት ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ማየት ያማል። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ድርቆሹን «የድሮ ምግብ» እያሉ ሲገፉት፣ የሚገፉት ሰሃኑን ብቻ አይመስለንም።

ካርቶኑ ያዳነን ጊዜ

ይህን ሁሉ የምንለው ለወግ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ካርቶኑ አብልቶናል።

የመጀመሪያው በ2017 ነው። ኬንያ ከኦገስት 28 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ስትከለክል ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት ነበር። ዕቃ በፌስታል ጠቅልሎ መሻገር ለለመደ ነጋዴ ትልቅ ድንጋጤ ነበር። እናታችን ምንም ሳትል ካርቶኑን ጎተተች፤ የኪቴንጌውን ቅዳጅ በሸራ ገበር እየሰፋች ለደንበኞቻችን የጨርቅ ከረጢት አደረገችው። መጀመሪያ በነጻ ሰጠን፤ በሁለተኛው ወር ሰው ከረጢቱን ሊገዛ ይመጣ ጀመር።

ሁለተኛው በ2020 ነው። በማርች ወር ኢትዮጵያ በኮሮና ምክንያት የየብስ ድንበሯን ለመንገደኛ ስትዘጋ፣ ለፋሲካ ያዘዝነው ልብስ ሽሮ ሜዳ፣ ገንዘባችን ደግሞ ሸማኔው እጅ ቀረ። ሱቁ ባዶ፣ ኪራዩ ግን እንደቆመ። በኤፕሪል ኬንያ አደባባይ የሚወጣ ሁሉ አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍን አዘዘች። ካርቶኑ እንደገና ወጣ። እሷ ትቆርጣለች፣ እኛ እንሰፋለን፣ ልጆቹ ላስቲኩን ያስገባሉ። ቀን ጭምብል እየሰፋን ማታ ድርቆሽ በሽሮ እየበላን ሦስት ወር ኪራይ ከፈልን። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የሁለቱ አገሮች መሪዎች የሞያሌን የጋራ የድንበር ጣቢያ ሲመርቁ በቴሌቪዥን እያየን «እኛም ደርሰናል» ተባባልን።

ጊስ ቤንድ

ክርክሩን የፈታው ግን ያላሰብነው ነገር ነው። ልጅቷ ስልኳ ላይ ፎቶ ይዛ መጣች። አላባማ ውስጥ፣ ወንዝ በሚጠመዘዝበት ቦታ፣ ጊስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። ነዋሪዎቹ በጥጥ እርሻ በባርነት የሠሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሴቶቹ ካረጀ የሥራ ልብስና ከዱቄት ከረጢት የአልጋ ልብስ ይገጣጥሙ ነበር፤ ለብርድ እንጂ ለሥዕል ብለው አልነበረም። በ2002 ያ ሥራቸው ኒው ዮርክ ውስጥ ዊትኒ በተባለው ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አደረገው።

እኛ ደግሞ ከንግድ ታሪኩ የቀረውን ጨመርንላት። ከጦርነታቸው በፊት በኒው ኢንግላንድ የሚሸመነው ጥጥ ከደቡቡ እርሻ፣ ከባሪያዎች እጅ የሚመጣ ነበር። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሲነሣ ጥጡ ቆመ፤ መሪካኒም ከዛንዚባር ገበያ ጠፋ። ስለዚህ አቡጀዲ ብለን የተገነዝንበትን የመጀመሪያውን ጨርቅ ጥጥ የለቀሙት የእነዚህ ሴቶች አያቶችን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። ለፈረንጅ ገበያ ነጭ ጣቃ ሰጥተው ለራሳቸው ድሪቶ ቀረላቸው፤ ልጆቻቸው ግን ድሪቶውን ሰው እንዲያየው አደረጉት።

እናታችን ፎቶውን መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። ስፌቱን በጣቷ አስፍታ መረመረችና «ይቺኛዋ ጠርዙን አላስተካከለችም» አለች። በማግሥቱ ግን አንዳችንን ኢስሊ ልካ አቡጀዲ አስገዛች። ለገበር ነው። ካርቶኑ ውስጥ ከነበረው ከራሷ የሰርግ ነጠላ አንድ መዳፍ የምታክል ጥለት ቆርጣ በአንዱ ጥግ ላይ ሰፋች፤ ቀሪው ማሰሻ ሆኗል።

ልጅቷ ይዛው ሄደች። ከእሱ ጋር ሁለት ኪሎ ድርቆሽም ይዛለች። በመጀመሪያው ክረምት «ሁለቱም አልቀረም፤ አንዱን ለብሼዋለሁ፣ አንዱን በልቼዋለሁ» ብላ ጻፈችልን።

ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ ጎረቤቶቻችን «ኡሲፖዚባ ኡፋ ኡታጄንጋ ኡኩታ» ይላሉ፤ ስንጥቁን ካልደፈንክ ግድግዳውን እንደ አዲስ ትሠራለህ እንደ ማለት ነው። መጣፊያንም «ኪራካ» ይሉታል። እኛ በበኩላችን ለዚህ ገጽ አንባቢ የምንለው አጭር ነው፤ በዚህ ሳምንት ቁራጩን ከመጥረግህ በፊት ቤት ያለችውን እናት ጠይቃት። ምናልባት ለእሷ ገና አላለቀም።