ገንዘብና የምርጫ ቅስቀሳ በአሜሪካ፦ ከ1883 እስከ 1907



«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላሉ አበው። የምርጫ ታሪክ ሲነሣ ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ውይይቱን ይዘጋዋል፤ ባለገንዘብ ያሸንፋል፣ ነገሩም በዚያ ያበቃል። ለታሪክ አጥኚ ግን ጥያቄው ገና ከዚህ ይጀምራል። ገንዘቡ የማን ነው? በየትኛው በር ገባ? በሩ ሲዘጋስ ወዴት ዞረ? ዛሬ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዤ የ1896ን የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫና ከእርሱ በፊትና በኋላ የወጡ ሁለት ሕጎችን እመለከታለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ፓርቲዎች አንዱ ዋና የገቢ ምንጭ ሹመት ነበር። ያሸነፈው ፓርቲ የፖስታ ቤቱንና የጉምሩኩን ሥራ ለደጋፊዎቹ ያድላል፤ ተሿሚውም በምርጫ ሰሞን ከደመወዙ የተወሰነ መቶኛ ለፓርቲው ይከፍላል። በ1881 ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ሹመት ጠብቆ ባጣ ሰው በጥይት ተመትተው ሞቱ። የሕዝቡ ቁጣ በጥር 1883 የፔንድልተንን ሕግ ወለደ። ሕጉ ለተወሰኑ የሥራ መደቦች ፈተናን መመዘኛ አደረገ፤ ከፌዴራል ሠራተኞች ላይ ለፓርቲ ገንዘብ መሰብሰብንም ከለከለ።

እኔ የምሞግተው ይህ መልካም ሕግ ያልታሰበ ውጤት አስከትሏል ብዬ ነው። የደመወዙ ምንጭ እየደረቀ ሲሄድ ፓርቲዎች ፊታቸውን ወደ ባቡር ኩባንያዎች፣ ወደ ባንኮችና ወደ ፋብሪካ ባለቤቶች አዞሩ። እርግጥ ነው፣ ብቸኛው ምክንያት ሕጉ አይደለም፤ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ያበጡትም በእነዚሁ ዓመታት ነው። ሆኖም ሁለቱ ነገሮች መገጣጠማቸው የፓርቲውን ጌታ ለወጠው።

ለእኛ የአድዋ ድል ዓመት የሆነው 1896 ይህ ለውጥ በግልጽ የታየበት ነው። የዴሞክራቱ ዕጩ ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን የ36 ዓመት ሰው ነበሩ። ብር እንደ ወርቅ በነፃ ገንዘብ ሆኖ ይታተም፣ በዕዳ የተያዘው ገበሬም ይተንፍስ ብለው ተነሡ። የሪፐብሊካኑ የዊልያም ማኪንሌይ ቅስቀሳ መሪ ደግሞ የኦሃዮው ባለሀብት ማርክ ሃና ነበሩ። ሃና መዋጮውን ከልመና ወደ ግብር አሸጋገሩት ማለት ይቻላል፤ ባንኮች ከካፒታላቸው የአንድ በመቶ ሩብ እንዲያወጡ ተጠየቁ። ስታንዳርድ ኦይል ብቻውን 250,000 ዶላር ሰጠ። በጠቅላላው ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ፤ ይህም ብራያን ካገኙት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ገንዘብ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ከ200 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ታትመው ተሠራጩ። የአገሩ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ወደ 70 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ብራያን በባቡር አገር ላገር ሲዞሩ ማኪንሌይ በካንተን ከተማ ከቤታቸው በረንዳ ላይ ቆመው መራጩን ተቀበሉ፤ የባቡር ኩባንያዎችም የእንግዶቹን የጉዞ ዋጋ ቀነሱ።

ማኪንሌይ በ271 ለ176 የወኪል መራጮች ድምፅ አሸነፉ። ታዲያ ምርጫው ተገዛ ማለት ነው? እንዲህ ብሎ መደምደም ችኮላ ይመስለኛል። የ1893ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ የደረሰው በዴሞክራቶች ዘመን ነው፤ የከተማው ሠራተኛም የዋጋ ንረትን የሚፈራበት በቂ ምክንያት ነበረው። ገንዘቡ ይህን ፍርሃት አልፈጠረውም፤ በየደጁ አደረሰው እንጂ። የሌላው ወገን መልስ ግን በዚያው መጠን ሊደርስ አልቻለም።

የገንዘቡ ባለቤት ማን እንደሆነ ሕዝብ በግልጽ የተረዳው በ1905 ነው። የኒውዮርክ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ያቋቋመው የአርምስትሮንግ ኮሚቴ በጠበቃው በቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ መሪነት የመድን ድርጅቶችን መረመረ። ኒውዮርክ ላይፍ ለ1904ቱ የሪፐብሊካን ቅስቀሳ ከ48,000 ዶላር በላይ መስጠቱ በምስክርነት ወጣ። ይህ የሥራ አስኪያጆቹ ሀብት አልነበረም። እኔ ብሞት ቤተሰቤ አይቸገር ብሎ መድን የገባው ሰው ቁጠባ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ዴሞክራቶች ነበሩ። ሰው ሳይጠየቅ በገዛ ገንዘቡ በራሱ ላይ ተቀሰቀሰበት። የነገሩ እምብርት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በጥር 1907 የጸደቀው የቲልማን ሕግ ኩባንያዎች ለፌዴራል ምርጫ ገንዘብ እንዳይሰጡ ከለከለ። የሕጉ አቅራቢ ሴናተር ቤንጃሚን ቲልማን ግን በሳውዝ ካሮላይና የጥቁሮችን የመምረጥ መብት በ1895 ሕገ መንግሥት እንዲነጠቅ ካደረጉት መሪዎች ግንባር ቀደሙ ነበሩ። ኩባንያውን ከምርጫ ያስወጣው እጅ ዜጋውንም አስወጥቷል። ምርጫን ማጥራት የሚለው ቃል ሁለቱንም ሥራ ሊሸፍን እንደሚችል ተማሪዎቼ ልብ እንዲሉልኝ እሻለሁ።

ሕጉ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት አልነበረውም። ራሱን የቻለ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን እንዲቋቋም የተወሰነው ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ በ1974 ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 የመዋጮን ጣሪያ አጽንቶ የወጪን ጣሪያ ሻረ፤ በ2010 ደግሞ ኩባንያዎች ከዕጩው ተለይተው በራሳቸው ወጪ እንዲቀሰቅሱ ፈቀደ። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ።

ከዚህ ሕግ ከንቱ ነው የሚል መደምደሚያ አይወጣም። እያንዳንዱ ሕግ አንድን ባለሥልጣን ወይም አንድን ቆጣቢ ከግዴታ መዋጮ አድኗል። የታሪኩ ትምህርት ሌላ ነው፤ የሚዘጋውን በር ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ቀጥሎ የሚያንኳኳውንም በር አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።