የውድድር ቀን ማዕድ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጄ ሻዩን ቆሞ እየጠጣ “አባዬ፣ ነገ ማታ ጓደኞቼ ኳስ ሊያዩ ይመጣሉ፤ አሥራ ሁለት ብንሆን ነው” አለና ወጣ። ጨዋታው የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ነው፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ለእርሱ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ቴሌቪዥን አለ፣ ወንበር አለ፣ እናት አለች፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ባለቤቴ ግን “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ብላ እስክሪብቶ አነሳችና በአሮጌ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረች። ተንጠራርቼ አየሁ። መጀመሪያ የጻፈችው የምግብ ስም አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። “ነገ ረቡዕ ነው። ስንቱ ይጾማል? ስንቱ ሙስሊም ነው?” ወዲያው ለልጁ ደወለችለት። “እኔ እንጃ እማዬ፣ ጠይቄያቸው አላውቅም” አላት። ስልኩን ዘጋችና፣ “አለመጠየቁ ደግ ነው፤ ለወጥ ግን አይሆንም” አለች።

ማስተማር ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ነገርን ከሥሩ የመጀመር ልማዴ ግን አልተወኝም። እርሷ ሽንኩርትና ምስር ስትደምር እኔ ዓመት መቁጠር ያዝኩ። ለመሆኑ እኛ ውድድር ለማየት ተሰብስበን መብላት የጀመርነው መቼ ነው? ማንስ እየሠራ፣ ማንስ እየበላ? (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ሩጫው ሮም ላይ ወደ ማታ ተጀምሮ የተፈጸመው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። በዚያ ሰዓት ያገራችን ሴቶች የት እንደነበሩ ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም። ማድ ቤት ናቸው። እናቴ ያን ጊዜ ልጃገረድ ነበረች፤ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ሽንኩርት ስታቁላላ እንዳመሸች ነግራኛለች። ወሬውን የሰማችው በማግስቱ ነው። ቴሌቪዥን ገና አገራችን አልገባምና በዚያች ሌሊት ያመለጣት ነገር የለም፤ አበበን ያላየነው ሁላችንም ነን፣ ወንዱም ሴቱም እኩል። ጣቢያው የተከፈተው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው።

ከአበበ ድል በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ፣ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ተደረገ። በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት የተሰለፈው ቡድናችን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አስቀረ። ቀኑ የጥምቀት ሦስተኛው ቀን ነው፤ ማዕዱ ገና አልተነሣም፣ ጠላውም ጋኑ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ደስታው የወደቀው በተዘጋጀ ድግስ ላይ ነው። (ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር አንድ ለአንድ የተለያየነውም ጥር 13 ቀን ነበር፤ 2005 ዓ.ም.። ያን ማታ ጎረቤቴ የጥምቀት ድፎ ዳቦ ቁራሽ ይዞ እንደመጣ አስታውሳለሁ።)

የእኔ ትውልድ ትዝታ የሚጀምረው ከሞስኮ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር የአሥር ሺውን ሲያሸንፍ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነው። ጎረምሳው ደጃፍ ላይ፣ ሕፃናቱ መሬት ላይ፣ አባቶች ወንበር ላይ ሆንን። ድግስ የሚባል ነገር አልነበረም። እያንዳንዷ እናት ከቤቷ ጥቂት ቆሎ፣ ያላት ዳቦ ቋጥራ መጣች፤ ባለቤቷ ቡና አፈላች። ያ ማዕድ ድሃ ነበር፤ ግን ማንንም ማድ ቤት አላስቀረም። ቆሎ ተቆልቶ ያለቀ ነገር ነው፤ ሰው ይጠብቃል እንጂ ሰው አያስጠብቅም።

በኋላ ቴሌቪዥኑ በየቤቱ ሲገባ ማዕዱም ከበደ። እንግዳ ጠርቶ ቆሎ ማቅረብ ነውር መሰለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ከፊታችን ተደቀነ፦ የዓለም ስፖርት አቆጣጠር የእኛን ጾም አያውቅም። የበጋው ኦሊምፒክ ብዙውን ጊዜ ነሐሴን ይነካል፤ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ ያንን ታሪካዊ ወርቅ ያገኘችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው፤ ፍልሰታ በገባበት ዕለት። ቀነኒሳ በቀለ አቴንስ ላይ የአሥር ሺውን ያሸነፈው ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ ማራቶኑን የወሰደው ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የዓለም ዋንጫማ ከሐዋርያት ጾም ጋር ቀጠሮ ያለው ይመስላል፤ ጾሙን ሁሉ ሰው ባይጾመውም። የደቡብ አፍሪካው ሰኔ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ተጀምሮ ያለቀው ሐምሌ 4 ነው፤ ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው። ለደስታችን ዶሮ ማረድ የቻልንባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው ማለት ነው።

ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱን ልንገራችሁ፤ ስለማልኮራበት እስካሁን ጽፌው አላውቅም።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ሰኞ። መስቀል ሁለት ቀን ቀርቶታል። እኔ ጀማሪ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ፤ ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ እኖራለሁ። አከራያችንን ሁላችንም “እማማ” ነበር የምንላቸው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ የሚሮጠው በእኛ ሰዓት ሰባት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው፤ ምሳ ሰዓት። እማማ “ምሳ እኔ ቤት ነው፤ ኃይሌን ብቻችሁን አታዩትም” አሉን።

አሥራ አራት ሰው ሆነን ሳሎናቸውን ሞላነው። እርሳቸው ከንጋት ጀምሮ ቆመዋል። ለእኛ ሥጋ ወጥ ሠርተዋል። ሁለቱ ተከራዮች ሙስሊሞች ስለነበሩ ለእነርሱ በሌላ ድስት፣ በሌላ ማማሰያ፣ በዘይት ሽሮ ጣዱ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሰው ጠርቶ የማይበላውን ማቅረብ ለእርሳቸው ውርደት ነው። ሁለት ድስት ማለት ግን ሁለት እሳት ነው፤ ማድ ቤቱ ደግሞ ከግቢው ማዶ።

ሩጫው ተጀመረ። እማማ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንድ ዙር ያያሉ፣ እንጀራ ያመጣሉ። “ስንት ቀረው?” ይላሉ፣ ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ “በቃ፣ አሁንስ ልይ” ብለው በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ዙር ቀርቶታል። እኔ የተማርኩት ሰው፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ዓይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል “እማማ፣ ውሃ ይኖር ይሆን?” አልኩ።

ተነሡ። መቼም እንግዳ ነኝ።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። ፖል ቴርጋት በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ ወጣ፤ ኃይሌ እግር በእግር ተከትሎ መስመሩ ላይ ደረሰበት። 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ለኃይሌ፣ 27 ደቂቃ ከ18.29 ለቴርጋት። አሥር ሺ ሜትር ተሩጦ ልዩነቱ የሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ! በዚያው ኦሊምፒክ በመቶ ሜትር ሩጫ አንደኛውና ሁለተኛው የተለያዩት እንኳ ከዚህ በሚበልጥ ጊዜ ነው። ቤቱ ተደበላለቀ፤ አንዱ አለቀሰ፣ አንዱ ወንበር ሰበረ። እማማ ብርጭቆና ጆግ ይዘው በሩ ላይ ቆመው “ማነው? ማነው ያሸነፈ?” ይላሉ። የሚሰማቸው አልነበረም። ሽሮው ሊገነፍል ሲል አግኝተውት እርሱን ሲያማስሉ ነው የቆዩት።

እንዳለቀ በሉልኝ፣ ጠጡልኝ አሉ፤ ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። ማታ ግን ቴሌቪዥኑ ሩጫውን ሲደግመው በመስኮት አየኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ብቻቸውን፣ ውጤቱን እያወቁ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያያሉ። ሲያልቅ እልል አሉ። ሄጄ ምነው ብላቸው፣ “ለእኔ ያሸነፈው አሁን ነው” አሉኝ።

ይኸው ስንት ዓመቱ! በዚህ ዓምድ ስለ ሹም ጽፌአለሁ፣ ስለ ነጋዴ ጽፌአለሁ፤ ስለዚያች ብርጭቆ ውሃ ግን አልጻፍኩም።

ከዚያ በኋላ የዲኤስቲቪ ቤቶች ዘመን መጣ። አርሴናልና ማንቸስተር ከተማውን ለሁለት የከፈሉበት ዘመን ነው። ጥቂት ብር ከፍለህ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለህ፤ በወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ፣ ሳምቡሳ፣ ሻይ ይዞርልሃል። ለማንም ሸክም አትሆንም። ግን ዙሪያህን ስታይ ወንድ ብቻ ነው። የማድ ቤቱን ችግር የፈታነው ሴቶቹን እቤት ትተን በመውጣት ነው። ይህንን መፍትሔ ማለት ከተቻለ።

መፍትሔውን ያየሁት ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ማታ ነው፤ የለንደን ኦሊምፒክ፣ የሴቶች አምስት ሺ ፍጻሜ። ያን ሰሞን ረመዳንና ፍልሰታ አንድ ላይ ውለው ነበር። አንድ ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ ጾሙን ከፈታ በኋላ አራት ሰዓት ላይ ቤቱ ጠራን። እንዴት ሊሆን ነው ብዬ ነበር፤ ሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ አይበላ፣ ክርስቲያኑ የሙስሊም ሥጋ አይበላ፣ በዚያ ላይ እኛ ጾመኞች ነን። ገብተን ስናይ ጠረጴዛው ሞልቷል፦ ተምር፣ የምስር ሳምቡሳ፣ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ቲማቲም በቃሪያ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። የሚያስጠይቅ ነገር ስለሌለው ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ጾም ማዕዱን ያጠበብን ይመስለን ነበር፤ ለካስ አስፍቶት ኖሯል።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። አዚፋም ሱፍ ፍትፍትም ቀዝቅዘው የሚበሉ ናቸው፤ እሳት አይፈልጉም። ሳምቡሳው ቀድሞ ተጠብሷል። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ከፊት ተቀምጣ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ከማናችንም በላይ ስትጮህ ነበር። መሠረት ደፋር መጨረሻው ላይ ቪቪያን ቼሪዮትን አልፋ ገባች፤ ጥሩነሽ ዲባባ ሦስተኛ ሆነች። መሠረት የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ ስታደርግ፣ በዚያ የሙስሊም ቤት ውስጥ ሁሉም ለአፍታ ዝም አለ። የአክብሮት ዝምታ ነበር። ከዚያ እልልታውን ያቀለጠችው ያቺው የቤቱ እመቤት ናት።

ይህንን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳት። “ታዲያ ምን አስለፈለፈህ፤ በየዓይነቱ ይሁን በለኛ!” አለችኝ።

በየዓይነቱ ሆነ። ማክሰኞ ማታ ምስሩ ተለቀመ፤ ግማሹ ለሳምቡሳ፣ ግማሹ ለአዚፋ። ለሳምቡሳው ምስሩ ሳይፈርስ ተቀቅሎ በደንብ መንጠፍ አለበት፤ ውሃ ከያዘ ሊጡን ያላሽቀዋል። ሽንኩርቱና ቃሪያውም ምስሩ ከበረደ በኋላ ይገባል። ረቡዕ ከሰዓት እኔና ልጄ ስንጠቀልል ዋልን፤ የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ሳምቡሳ አይመስሉም ነበር፣ ቢሆንም ተበሉ። ሱፉ ተቆልቶ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ ተቀመጠ፤ እንጀራው የሚፈተፈተው እንግዶቹ ሲመጡ ነው። ቆሎው፣ ለውዙ፣ ድፎ ዳቦው ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ክርክር የገጠመን ቡናው ላይ ነው። የኳስ እረፍት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በአሥራ አምስት ደቂቃ አያልቅም። ባለቤቴ ፈረደች፦ አቦል ከመጀመሩ በፊት፣ ቶና በእረፍት፣ በረካ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ከነፉ በኋላ። ቡናውን የሚያፈላው ደግሞ እንግዳ የጠራው ራሱ ነው።

ልጆቹ መጡ። አሥራ ሁለት የተባሉት አሥራ ስድስት ሆኑ። ማን ጾመኛ እንደነበረ፣ ማን እንዳልነበረ እስካሁን አላውቅም። ባለቤቴ መሐል ላይ ተቀምጣ ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ነገር ሦስት ጊዜ አስረዷት፤ በአራተኛው እርሷ ራሷ ከዳኛው ቀድማ “ወጥቷል!” አለች።

ሁለተኛው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ከኋላ አንዱ ልጅ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ “እማማ፣ ውሃ ይኖራል?” አለ። ባለቤቴ ልትነሣ ወንበሩን ያዝ አደረገች። ቀድሜያት ተነሣሁ።

ጎሉ የገባው ማድ ቤት ሳለሁ ነው። ጩኸቱን በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ጆጉን ይዤ ስመለስ ሁሉም ቆሟል፤ “ማነው? ማነው ያገባ?” ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ድጋሚውን አየሁት። በሚቀጥለው ዝርዝራችን ላይ ከምስሩም በፊት የሚጻፈው ውሃ ነው፤ ጆግና ብርጭቆው ጨዋታው ሳይጀመር ጠረጴዛው ላይ ይደረደራል።