የአፋር የዘንባባ ስፌት

የአፋር የዘንባባ ስፌት፣ ከአዋሽ ወንዝ ዳርቻ ከሚበቅለው የዱም ዘንባባ (በአፋርኛ ኡንጋ) ቅጠል የወተት ዕቃ፣ ቅርጫትና ሰሌን የሚሠራበት የአፋር አርብቶ አደር ሴቶች ጥንታዊ ሙያ ነው። ቅጠሉ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፤ እንዲለዝብ በውኃ ከራሰም በኋላ የቅጠሉ እስር ክብ እየዞረ፣ እያንዳንዱ ዙር በወስፌ እየተበሳ ከሥሩ ካለው ጋር ይሰፋል። በጥብቅ የተሰፋ ዕቃ እርጥበት ሲያገኝ ቅጠሉ ስለሚያብጥ ወተት አያፈስም። ዕቃው ወተት ከመያዙ በፊት በወይራ ወይም በሌላ መዓዛማ እንጨት ፍም ይታጠናል፤ ጭሱ ተህዋስያንን ስለሚቀንስ በአካባቢው ብርቱ ሙቀት ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፣ ልዩ ጣዕምም ይሰጠዋል።

በአዋሽ ዳር ጭቃ ሞልቶ ሳለ ሸክላ ያልገነነው፣ ሰፈሩ ግጦሽና ውኃ ተከትሎ ስለሚነሳና ገንቦ በግመል ጉዞ ስለሚሰበር ነው፤ ሰሌኑ ግን የቤቱ ልባስ ሆኖ ከነእንጨቱ ተነቅሎ ይጫናል። በሰሜን አሜሪካ በረሃ፣ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር በጎርፍ በራሰ መሬት ላይ ያርሱ የነበሩት የሞሃቪ ሕዝቦች ግን ኑሯቸው የረጋ ስለነበር፣ ሴቶቻቸው የወንዙን ጭቃ ከተፈጨ ድንጋይ ጋር አቡክተው፣ በጠፍጣፋ እንጨት እየመቱ ገንቦ ይሠሩና በቀይ ቀለም ያስጌጡት ነበር።

ዛሬ በአዋሽና በሰመራ ከተሞች የፕላስቲክ ጀሪካን የስፌቱን ቦታ እየተሻማ ነው፤ ፕላስቲክ ግን በፍም ስለማይታጠን የወተቱን ጠረንም ሆነ ጥበቃ አይተካም።