የክብደት ታሪክ ከዲላ ሚዛን

ለእኔ ለፊዚክስ መምህሩ እንደ 1964 ያለ ዓመት የለም (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሙሬይ ጌልማንና ጆርጅ ዝዋይግ፣ ሳይመካከሩ፣ ፕሮቶን ከኳርኮች የተሠራ ውሑድ ቅንጣት ነው ያሉት ያኔ ነው። ብሩት፣ ኤንግለርና ሂግስ፣ ቅንጣቶች መጠነ ቁስ የሚያገኙበትን መንገድ ያሳዩትም በዚያው ዓመት ነው። ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም ደግሞ በጣሊያኗ ትሪየስቴ ለታዳጊ አገሮች ምሁራን የፊዚክስ ማዕከል ከፈተ፤ ኢትዮጵያውያንም ተምረውበታል።

በ2012 የአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሰርን፣ በዚያ መንገድ የተተነበየውን የሂግስን ቅንጣት ማግኘቱን ሲያስታውቅ፣ የክብደት ሁሉ ምንጭ ተገኘ ተብሎ ተወራ። እዚህ ዲላም ተማሪዎቼ ይህንኑ ይዘው ክፍል ይገባሉ። እኔ ግን ነገሩን በቡና ሚዛን አሳያቸዋለሁ። ከይርጋጨፌ የመጣ አንድ ፈረሱላ ጀንፈል፣ ማለትም 17 ኪሎ፣ ሚዛን ላይ ተቀምጧል እንበል። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ሁሉ ቢለቀሙ አምስት ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ኳርኮቹ ከሂግስ ያገኙት መጠነ ቁስ ብቻ ቢደመር 200 ግራም አይሞላም። ቀሪው ከ16 ኪሎ ተኩል በላይ የሚሆነው፣ ኳርኮች በፕሮቶንና በኒውትሮን ውስጥ ታጉረው ሲራወጡ፣ ግሉዎኖችም አስረው ሲይዟቸው ያለው ኢነርጂ ነው። አንስታይን ኢነርጂ ራሱ ክብደት አለው ያለው ይኸው ነው።

«ቲቸር፣ ታዲያ አባቴ የሚሸጠው ኢነርጂ ነው?» አለችኝ አንዷ። አዎ፣ አብዛኛው።

ይህን ለማወቅ ብዙ ተለፍቷል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ በፕሮቶን ላይ የተተኮሱ ኤሌክትሮኖች ውስጡ ካሉ ጥቃቅን ነገሮች ጋር ተላትመው ሲነጥሩ ታዩ። በ1973 ግሮስ፣ ዊልቸክና ፖሊትዘር የኳርኮች ትስስር ሲቀራረቡ እንደሚላላ በስሌት አረጋገጡ። በ2008 ደግሞ የአውሮፓ ተመራማሪዎች በሱፐርኮምፒውተር የፕሮቶንን መጠነ ቁስ ከንድፈ ሐሳቡ አስልተው ከተለካው ጋር አገናኙት። ይህ ሥራ ከሂግስ ግኝት አያንስም እላለሁ፤ የሚገባውን ያህል አለመነገሩ ያሳዝነኛል።

ጥያቄው ግን ፕሮቶን ላይ አልቆመም። በ1974 ሰላምና ጆገሽ ፓቲ ኳርክም ኤሌክትሮንም ራሳቸው ውሑድ ሊሆኑ ይችላሉ አሉ። በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ዋይንበርግና ሰስኪንድ የሂግስን ሥራ የሚሠራው አንድ ቅንጣት ሳይሆን ከሌሎች ተጣምሮ የተሠራ ነገር ሊሆን እንደሚችል አሰቡ። ፕሮቶንን ላወቀ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ሂግስ ውሑድ ስለመሆኑ እስካሁን ከሰርን ምልክት አልተገኘም፤ ስለዚህ በክፍሌ የማስተምረው ገና ያልተዘጋ ጥያቄ ነው ብዬ ነው።