ናይሮቢ ያልደረሰው በረራ

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 የመጀመሪያ ማረፊያው ናይሮቢ ነበር። ቦይንግ 767 አውሮፕላኑ 163 መንገደኞችና 12 የበረራ ሠራተኞች አሳፍሯል። ከእነዚህ መካከል ወደ ቤቱ የሚመለሰው የናይሮቢ ተወላጅ የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ይገኝበታል።

20 ደቂቃ ያህል እንደበረሩ ሦስት ጠላፊዎች የአብራሪዎቹን ክፍል ጥሰው ገቡ። ረዳት አብራሪውን ዮናስ መኩሪያን ደብድበው አስወጡ፤ የአደጋ ጊዜ መጥረቢያውን ነጠቁ፤ «አውስትራሊያ ውሰደን» አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ያን ያህል እንደማያስኬድ ደጋግመው ቢያስረዱም ሰሚ አላገኙም። ጠላፊዎቹ አውሮፕላኑ ሳያርፍ 11 ሰዓት መብረር እንደሚችል የሚገልጸውን የአየር መንገዱን መጽሔት ይዘው ተከራከሩ።

ካፒቴኑ ከዚያ ቀደም ሁለት ጊዜ ተጠልፈው ያውቃሉ። አሁንም አልተደናገጡም። የአፍሪካን ጠረፍ ተከትለው ወደ ደቡብ አበረሩ። ጠላፊዎቹ የብስ አይተው ወደ ምሥራቅ እንዲታጠፉ ሲያስገድዷቸው፣ ሳይነቃባቸው አቅጣጫቸውን ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አደረጉ። ለእኔ የዚያ ቀን ትልቁ ጀግንነት ይህ ነው፦ መጥረቢያ የያዘ ሰው አጠገባቸው ቆሞ እያለ፣ የመንገደኞቹን ነፍስ ለማትረፍ ቅርቡን የብስ ለሰዓታት በልባቸው ሲያሰሉ መቆየታቸው።

ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴኑ ለመንገደኞቹ እውነቱን በድምፅ ማጉያ ነገሩ። ከኮሞሮስ ደሴቶች በአንዷ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ ቢሞክሩም ከጠላፊው ጋር ሲታገሉ አመለጣቸው። የቀራቸው በጋላዋ ሆቴል ፊት ለፊት የነበረው ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ከባሕሩ ዳርቻ 500 ሜትር ገደማ ላይ የግራ ክንፉ ቀድሞ ውኃውን ነካ፤ አውሮፕላኑም ተሰባበረ። የደሴቲቱ ነዋሪዎች፣ ለመዝናናት የመጡ ጠላቂ ዋናተኞችና ሐኪሞች ማንም ሳያዛቸው በጀልባ ደረሱ። 50 ሰዎች ተረፉ፤ ሁለቱ አብራሪዎችም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። 125 ሰዎች አለቁ።

ከሟቾቹ ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ በአየር ነፉት። ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው፤ ጠልቀው ወደ መውጫው መድረስ አልቻሉም።

ከሟቾቹ አንዱ የሆነው መሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረምን ረኃብ ቀርጾ ዓለምን ያስነሣ ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የጥይት መጋዘን ፍንዳታ ግራ እጁን አጥቷል፤ ሥራውን ግን አልተወም። በመጨረሻዋም ሰዓት ከጠላፊዎቹ ጋር ቆሞ ሲነጋገር እንደነበር ይነገራል። ኢትዮጵያ የዚህ የናይሮቢ ልጅ ውለታ አለባት ቢባል ሐሰት የለውም።

ኃላፊነት በውጤቱ ብቻ አይለካም። ካፒቴን ልዑል ሁሉንም ማዳን አልቻሉም፤ ይሁንና በእጃቸው የቀረውን ዕድል ሁሉ ለመንገደኞቻቸው አውለዋል። ሁለቱ አብራሪዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሸለሙትም ለዚሁ ነው። የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ግን ነፍስ ያድናል፦ የበረራ አስተናጋጇ ስለ ጃኬቱ ስታስረዳ ስልካችንን አስቀምጠን እንስማት። ከበሩ ሳይወጡ ጃኬቱን አለመንፋት የብዙዎች ሞት ያስተማረን ትምህርት ነው።