ጣሪያ ላይ የተከፈተ ትምህርት ቤት

እህቶቼ፣ 2020ን መቼም አትረሱትም። ሊባኖስ ውስጥ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። በማርች አጋማሽ ደግሞ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ታዘዘ፤ የቤሩት ኮርኒሽ እንኳ ጭር አለ። እኔ የምሠራበት ቤት የሰባት ዓመት ሴት ልጅና የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉ። ትምህርታቸው በታብሌት ሆነ። መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም ይጠፋል፤ ልጆቹ ይጣላሉ፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል።

አገር ቤትም ትምህርት ቤት መጋቢት 7 ቀን 2012 ተዘግቶ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ከብት ሲጠብቅ ይውላል። ስደውልለት «አየሩማ ሞልቷል፣ የጠፋው ትምህርቱ ነው» አለኝ። እኔ ጋ ደግሞ ትምህርቱ አለ፣ አየሩ የለም።

ኋላ በስልኬ ሳነብ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ አወቅሁ። ከመቶ ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አልነበረውም። በ1904 ጀርመኖች በርሊን አጠገብ፣ ሻርሎተንበርግ በሚባል ቦታ፣ ጤናቸው ደካማ የሆኑ ልጆችን ጫካ ውስጥ ማስተማር ጀመሩ። በ1907 ለንደን፣ በ1908 አሜሪካ ያለችው ፕሮቪደንስ ከተማ ተከተሉ። ፕሮቪደንስ ውስጥ በብርድ ወቅት መስኮቱ ተከፍቶ፣ ልጆቹ እስከ ወገባቸው ከረጢት ውስጥ ገብተው ይማሩ ነበር። በ1940ዎቹ መድኃኒቱ ሲገኝ እነዚያ ትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ ቀሩ። እኛ አገር ግን የቄስ ተማሪ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፊደል ሲቆጥር የኖረ ነው፤ ለዚህ ማንም ጀርመን አላስተማረንም።

«ማዳም፣ ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ስወጣ ልጆቹን ልውሰዳቸው?» አልኳት። በሽታውን ፈርታ እምቢ አለች። በሦስተኛው ቀን ትንሹ ሲያለቅስ ውሎ ሲያድር «ግማሽ ሰዓት ብቻ» ብላ ፈቀደች።

ጣሪያው ላይ ያለው የውኃ ታንከርና ዲሽ ነው። ታንከሩን ቆጠርን፣ በልብስ መቆንጠጫው መደመርና መቀነስ ተማርን። ልጅቷ ወለሉ ላይ በጠመኔ የዓረብኛ ፊደል እየጻፈች እኔን ታስተምረኛለች፤ ስሳሳት እንደ መምህር ትቆጣለች! ከሳምንት በኋላ ልጆቹ ማታ በጊዜ መተኛት ጀመሩ።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ ስንት እህቶቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ቆንስላው ደጅ ተጥለው እንዳደሩ ታውቃላችሁ። ከእነሱ መከራ አንጻር ግማሽ ሰዓት አየር ምንም አይደለም። ግን «ልጆቹ አየር ያስፈልጋቸዋል» ስል እኔም ያስፈልገኝ ነበር። «እኔም» ማለት ነው ያልደፈርኩት።

ኮንትራቴን ሳድስ ግን የእሁድ ዕረፍቴን ጠየቅሁ። ወረቀቱ ላይ «አሐድ» የምትለውን ቃል ፈልጌ፣ ራሴ አንብቤ ነው የፈረምኩት።