ሥር ያለው ሰው ሠራሽ ጥርስ

ውጫሌ ሲነሣ በሁላችን ዘንድ የሚታወሰው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውልና 17ኛው አንቀጹ ነው። ዛሬ ግን ስለዚያ ዘመን የምናነሣው ሌላ ጉዳይ ነው። ያ ውል በአምባሰል ምድር ሲፈረም ጥርሱ የታመመ ሰው ምን ያደርግ ነበር? በወይራ መፋቂያ እየፋቀ ይጠብቀዋል፤ ሕመሙ ከጠናም በጉጠት ይነቀልለታል። ለተነቀለው ምትክ አልነበረውም። ቆሎው ይቀርና ፍትፍት ይለመዳል፤ ጉንጭ ይጎደጉዳል፤ አነጋገርም ይለወጣል።

አውሮፓውያንም ቢሆኑ ብዙ የራቁ አልነበሩም። በ1815 እ.ኤ.አ. ከተደረገው ከዋተርሎ ጦርነት በኋላ ከወታደር ሬሳ የተለቀመ ጥርስ ለባለጸጎች ይሸጥ ነበር፤ ለመስማት እንኳ የሚቀፍ ነገር ነው። ኋላ የሸክላ ጥርስ በጎማ ድድ ላይ ተሠራ። ይህም በድድ ላይ የሚቀመጥ እንጂ ሥር ያለው አልነበረም። ጥርስ የጎደለው መንጋጋ ደግሞ አጥንቱ እየሟሸሸ ስለሚሄድ፥ ትናንት ልክ የነበረው ምትክ ነገ ይላላል።

ሥር የመትከል አሳብ ግን ጥንታዊ ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. በሆንዱራስ በተገኘ የጥንት የማያ ሰው መንጋጋ ላይ ከዛጎል የተጠረቡ ሦስት ጥርሶች ታይተዋል፤ ሲመረመሩም አጥንት በዙሪያቸው አድጎ ተገኘ።

የዛሬው ዘዴ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1952 እ.ኤ.አ. የደም ዝውውርን ለመመልከት በጥንቸል አጥንት ውስጥ የቲታኒየም መሣሪያ አስገባ። ሊያወጣው ቢሞክር ከአጥንቱ ጋራ ተዋሕዶ አልላቀቅ አለው። ሌላው ቢሆን ለመሣሪያው አዝኖ ባለፈ ነበር። እርሱ ግን ነገሩን ተከታትሎ በ1965 እ.ኤ.አ. በሰው መንጋጋ ውስጥ የቲታኒየም ብሎን ተከለ። የመጀመሪያው ታካሚም ከ40 ዓመት በላይ፥ እስከ ዕለተ ሞቱ፥ በዚያው አኘከበት። የሙያ ባልደረቦቹ ግን ለረጅም ጊዜ ተጠራጠሩት፤ ዘዴው በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው በ1982 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የቶሮንቶ ጉባኤ ወዲህ ነው።

ዛሬ ይህ ሕክምና በአዲስ አበባ ይሰጣል። ዋጋው ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም፤ አጥንቱ ከብሎኑ ጋራ እስኪዋሐድም አብዛኛውን ጊዜ ወራት ይፈጃል። ሲጋራ የሚያጨስና የስኳር በሽታው ያልተገታ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል። የሚወልቀውና ከጎረቤት ጥርስ ጋራ የሚታሰረው ምትክም አሁንም አለ፤ ለብዙ ሰው እርሱ ይበቃዋል። ብሎኑ እንደ ጥርስ አይነቅዝም፤ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል። ስለዚህ ብሎን የተተከለለትም ሰው ከመፋቂያ አይገላገልም።